በክንድ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ ለዋጋው የሚበቃ ነውን?

ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከትክል ድንጋይ ወደ ቢሮአችን መጥተው ምክር ጠየቁ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው በየቀኑ ኢንሱሊን የምትወጋ ናት። በውጭ አገር የሚኖረው አጎቷ በክንድ ላይ የሚለጠፍ የስኳር መለኪያ ልኮላት ዐሥራ አራት ቀን ሠርቶ አለቀ። አባትየው ሌላ ለመግዛት ከጥማድ በሬዎቻቸው አንዱን ሊሸጡ አስበዋል። «ሐኪም፤ በሬውን ልሽጠው ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ። ይህን የመሰለ ሐሳብ በብዙ ቤተ ሰብ ዘንድ ስለሚገኝ የዚህ ወር ትምህርታችን እንዲሆን መርጠነዋል።

፩ኛ/ የመለኪያው አሠራር

መሣሪያው እንደ ሳንቲም ያለ ትንሽ ነገር ነው። ከሥሩ ያለችው እንደ ፀጉር የቀጠነች ክር ከቆዳ በታች ገብታ የስኳሩን መጠን በየጥቂት ደቂቃው እየለካች ወደ ስልክ ወይም ወደ ማንበቢያ መሣሪያ ታስተላልፋለች። የምትለካው ግን ደሙን ሳይሆን በሥጋ ሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከደሙ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ያህል ሊዘገይ ይችላል። የሕመምተኛው ስሜትና ቁጥሩ ያልተስማሙ እንደ ሆነ ጣትን ወግቶ በደም መመርመር ይገባል። እንደ ዓይነቱም ከ10 እስከ 15 ቀን ካገለገለ በኋላ በአዲስ ይተካል።

፪ኛ/ ጥቅሙ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት በአሜሪካና በካናዳ 1,441 ሕሙማንን ተከታትሎ ነበር። ስኳርን አጥብቆ መቈጣጠር በዐይን፣ በኩላሊትና በነርቭ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት እጅግ እንደሚቀንስ አስረዳ። ነገር ግን አጥብቀው በተቈጣጠሩት ዘንድ ብርቱ የስኳር መውረድ ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። የመለኪያው ዋና ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያለው ዓይነት ሰው በተኛበት ሰዓት ስኳር ሲወርድ ያነቃልና።

፫ኛ/ ወጪው

አንዱ መለኪያ 14 ቀን የሚቈይ ከሆነ ለዓመት 26 ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንዱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በ26 ተባዝቶ የሚገኘውን ገንዘብ ማሰብ ይገባል። ተስማሚ ስልክና የኤሌክትሪክ ኀይልም ያስፈልጋል። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነና ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን የዛሬው ዋጋ ለከርሞ አይታመንም።

ከዚህ አስቀድሞ ሊሟሉ የሚገባቸው ነገሮች በተራቸው እነዚህ ናቸው፤
(ሀ) አንድ ቀን እንኳ የማይቋረጥ ኢንሱሊንና ንጹሕ መርፌ፤
(ለ) በቂ ምግብ፤
(ሐ) በጣት ደም የሚለካ ግሉኮሜትርና ስትሪፕ የሚባለው የመለኪያ ወረቀት፤
(መ) በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል የሚደረግ የቀጠሮ ምርመራ።

መለኪያውን ለመግዛት ከነዚህ አንዱ የሚጐድል ከሆነ ግዢው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። መሣሪያው የስኳሩን መጠን ያሳያል እንጂ አያስተካክለውምና።

፬ኛ/ ለማን ይጠቅማል?

ኢንሱሊን ከሚወጉት መካከል ሌሊት ስኳር ለሚወርድባቸው፣ መውረዱ ለማይሰማቸው፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ዐቅም ካለ የሚገባ ወጪ ነው። በክኒን ብቻ ለሚታከሙት አብዛኞች ግን የጣት ምርመራና የቀጠሮ ክትትል ይበቃል።

መካከለኛም መንገድ አለ። አንዱን መለኪያ ለሁለት ሳምንት ለጥፎ የበሉትን፣ የሠሩትንና የተወጉትን በደብተር እየጻፉ ለሐኪም ማሳየት ነው። በጎንደር ዙሪያ በገጠር ጤና ጣቢያዎች የስኳር ክትትል የተጀመረው ሕሙማን እስከ ጎንደር ሆስፒታል የሚያደርጉት ረጅም ጉዞ እንዲቀር ነበር፤ እንዲህ ያለውን ደብተርም በዚያው ማሳየት ይቻላል። ጾም ሊጾሙ የሚያስቡም አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ።

፭ኛ/ ለመምህራን

ተማሪው መለኪያ ቢለጥፍ አውልቅ አይባልም። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መፍዘዝ ወይም ያልተለመደ ቍጣ ቢታይበት፣ ወይም ቁጥሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ቢሆን፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደ ገና መመርመር፣ ካልተሻለው መድገም ይገባል። ራሱን የሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግበት በጎኑ ተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሕክምና ይወሰድ። እርዳታው እስኪደርስ ብቻውን አይተው።

ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ። የልጅቱን የዐሥራ አራት ቀን መዝገብ ስንመለከት ዶሮ ሲጮኽ ስኳርዋ ደጋግሞ ይወርድ ነበር። ሐኪሟ የማታውን ኢንሱሊን ቀነሰላት፤ ከዚያ በኋላ በጣት ደም ሲመረመር የንጋቱ መውረድ ቀረ። መለኪያው አንድ ጊዜ ተለጥፎ ይህን ያህል ጠቅሟል። «በሬው ይቅር፤ እርሻው የልጅቱ ቀለብ ነው» አልኋቸው። አጎቷ ለመላክ ፈቃዱ ከሆነ፣ የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈውን እያየ በየሦስት ወሩ አንድ ይላክ፤ እርስዋም ከቀጠሮዋ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ትለጥፈው። በቀሩት ቀኖች ግሉኮሜትሩና ደብተሩ ይበቁአታል። አባትየውም በሬያቸውን ሳይሸጡ፣ ስትሪፑን ገዝተው ወደ ትክል ድንጋይ ተመለሱ።