ይቅርታና ክስ

የበደለንን ይቅር ማለት ለፖሊስ ከማመልከት ይከለክላልን? አይከለክልም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 እ.ኤ.አ. በጥይት ያቆሰላቸውን ሰው ይቅር ብለው በ1983 እስር ቤት ድረስ ጎበኙት፤ ፍርዱ ግን ስለዚህ አልቀረም፤ ሰውዬው እስከ 2000 በጣሊያን ታስሮ ቆይቷል።

በአገራችን ልጃገረድ ስትጠለፍ ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ይላካል፤ ካሣ ተቆርጦ ነገሩ በጋብቻ ይሸፈናል። ልጅቱን ግን ማን ጠየቃት? በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እንዲህ ያለው ጋብቻ ክሱን እንዲያስቀር ይፈቅድ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ጠላፊውን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል፤ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድነውም።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የተደፈረች ልጅ ወደ እናንተ ብትመጣ «ታገሺ» አትበሏት፤ ልብሷን ሳታጥብ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪምና ወደ ፖሊስ ጣቢያ አብራችኋት ሂዱ።