ስለ ፀሐይ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ ሥራና ስለ ሠሪዎቹ ፈተና

ፀሐይ ለድኻም ለባለጸጋም ያለ ዋጋ ታበራለች። ነገር ግን ብርሃንዋን ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው፥ ሕዝቡ ሶላር የሚለው ሰሌዳ፥ ያለ ብዙ ጥበብና ያለ ብርቱ እሳት አይሠራም። በየቤቱ ጣራ ላይ የሚያዩትን ዕቃ ከምን እንደ ተሠራ ተማሪዎች ቢጠይቁ፥ አስተማሪዎችና የአገር ሽማግሎች የሚመልሱት እንዲያገኙ ይህ ተጽፏል።

ሥራው በአምስት ደረጃ ይፈጸማል።
1ኛ፤ ኳርትዝ የሚባለው ድንጋይ ከከሰል ጋራ በታላቅ እሳት ይቀልጥና ሲሊከን ይወጣዋል።
2ኛ፤ ሲሊከኑ እንደ ወርቅ ከእድፉ ሁሉ ይነጥራል።
3ኛ፤ ዳግመኛ ቀልጦ እንደ ምሰሶ ይረጋል፤ ከዚያም እንደ ቅጠል እየሳሳ ይቈረጣል።
4ኛ፤ ቅጠሉ በልዩ ልዩ ቅመም ተሠርቶ ኤሌክትሪክ የሚያፈልቅ ሴል ይሆናል።
5ኛ፤ ሴሎቹ በቀጭን ሽቦ ተያይዘው በመስተዋት ሥር ይታሸጋሉ።

ከዚህ በታች ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው። በ1954 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ሊቃውንት የሲሊከን ሴል ሠርተው አሳዩ፤ እርሱም ከተቀበለው ብርሃን ከመቶው 6 እጅ ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። በ2000 ጀርመን ከፀሐይ ኤሌክትሪክ ለሚያወጣ ሰው የተወሰነ ዋጋ የሚያስከፍል ሕግ ስላወጣች ገዢው በዛ። ከዚያ በኋላ ቻይና በመንግሥት እርዳታና በብዙ ብድር ታላላቅ ፋብሪካዎች አቆመች፤ በ2022 በየደረጃው ከዓለም ሥራ ከመቶው ከ80 እጅ የሚበልጠው በእርስዋ እጅ ነበር። የሰሌዳውም ዋጋ ከ2010 ጀምሮ በዐሥር ዓመት ውስጥ ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ለገዢ በረከት የሆነው ርካሽነት ለሠሪው ፈተና ሆነበት። ኪው ሴልስ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ2012 ከሰረ። የቻይናው ሰንቴክም ዋና ፋብሪካው በ2013 ከሰረ፤ ከገበያው በላይ የሚያመርት ባለጋራን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጥላልና። ደግሞም ዕቃው ሁሉ ከአንድ አገር ሲመጣ፥ ያ አገር ቢቸገር ወይም ቢጣላ የሌላው ሁሉ ሥራ ይታወካል። ስለዚህ አሜሪካና ሌሎች መንግሥታት ቀረጥ እየጣሉ ፋብሪካን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ጀመሩ።

ነገሩ ለአገራችንም ቀርቧል። በ2025 ቶዮ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በሐዋሳ ሴል የሚሠራ ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከአምስቱ አራተኛው ደረጃ ብቻ መሆኑን ማስተዋል ይገባል። በቀረጥ ምክንያት የመጣ ፋብሪካ በቀረጥ ምክንያት ሊሄድ ይችላል፤ በሰው ልብ የገባ ጥበብ ግን ከአገር አይወጣም። እንግዲህ አስተማሪዎች ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁ ሰሌዳውን መግዛትን ብቻ ሳይሆን ስለ ድንጋዩ፥ ስለ እሳቱና ስለ ቅመሙ መመርመርን እንዲለምዱ አትጉአቸው።