የጎምቤ ቺምፓንዚዎችና በዙሪያቸው ያሉ መንደሮች

ቺምፓንዚ በአገራችን ደኖች አይኖርም፤ በአማርኛም የራሱ ስም የለውም። በዚህም የተነሣ ብዙ ጊዜ ከጦጣና ከዝንጀሮ ጋር ተደባልቆ ይነገራል። ሆኖም ጅራት የሌለው፣ በአካሉም በጠባዩም ለሰው እጅግ ከሚቀርቡት እንስሳት አንዱ ነው። መኖሪያው ከምዕራብ አፍሪካ አንሥቶ እስከ ምዕራብ ታንዛኒያ ባሉት ደኖች ነው።

ስለ ዱር ኑሮው ከሚታወቀው ብዙው የተገኘው በታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ካለው ከጎምቤ ነው። ጄን ጉዳል ወደዚያ የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1960 ነበር። በዚያው ዓመት አንድ ቺምፓንዚ የሣር አገዳ ወደ ምስጥ ኩይሳ ቀዳዳ አስገብቶ፣ አገዳውን ነክሰው የያዙትን ምስጦች እየሳበ ሲበላ ተመለከቱ። ቀንበጥ ቆርጦ ቅጠሉን በመመልመል መሣሪያ ሲያበጅም አዩ። እስከዚያ ዘመን ድረስ መሣሪያ ማበጀት የሰው ብቻ ሥራ እንደሆነ ይታሰብ ነበር።

ይህን ጥበብ ግልገሉ የሚማረው እናቱን እያየ ነው። ለዓመታት ይጠባል፤ ከጡት ከተለየ በኋላም ከእናቱ አይርቅም። በጎምቤ እንስቷ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው በ13 ዓመት ዕድሜዋ ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላም በየአምስት ወይም በየስድስት ዓመቱ አንድ ብቻ ትወልዳለች። ስለሆነም ግልገል ለመሸጥ ሲባል እናቲቱ ስትገደል፣ ወይም ለሚዳቋና ለዱር አሳማ በተጠመደ ሽቦ ስትያዝ፣ የጠፋውን ለመተካት ብዙ ዘመን ያስፈልጋል። የሰው በሽታም ይተላለፍባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 ፖሊዮን የመሰለ ወረርሽኝ በጎምቤ አንዳንዶቹን ገደለ፤ ሌሎቹን አሽመደመደ።

ከሁሉ የከፋው ግን የደን መመናመን ነው። ጉዳል በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአነስተኛ አውሮፕላን በአካባቢው ሲበሩ፣ ከፓርኩ ወሰን ውጭ ያሉት ኮረብቶች ተራቁተው አገኟቸው። የመንደሩ ሰው ዛፉን የቆረጠው ለማገዶና ለእርሻ ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው ታካሬ የተባለው ፕሮግራም ሥራውን የጀመረው ስለ ቺምፓንዚ በመስበክ አልነበረም፤ ነዋሪዎቹን ስለሚያስፈልጋቸው ነገር በመጠየቅ ነበር እንጂ። ጤና፣ ትምህርት ቤት፣ የተሻለ ምርት አሉ። አካሄዱ ለልማት ሠራተኛ እንግዳ አይደለም። ውሎ አድሮ የችግኝ ጣቢያ፣ ለሴቶች አነስተኛ ብድር፣ ለልጃገረዶች የትምህርት ድጋፍ ተከተሉ፤ መንደሮቹም በገዛ ፈቃዳቸው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ አውጥተው ከፓርኩ አጠገብ የራሳቸውን ደን ከለሉ።

በተከለለው መሬት ላይ ጉቶው መልሶ አቆጥቁጧል፤ ከጉቶ የሚበቅል ዛፍ በጥቂት ዓመታት ከሰው ቁመት ይበልጣል። በጎምቤ ያሉት ቺምፓንዚዎች ግን ዛሬም ወደ 100 ገደማ ብቻ ናቸው።