ዳገቱ ነው ወይስ መንገዱ?

ጥያቄ፦ ከቦሌ ፒያሳ በብስክሌት ወደ ሥራ መመላለስ አስቤ ነበር፤ ዳገቱ ግን አስፈራኝ። ይሆንልኛል?

መልስ፦ ዳገቱ ከሚፈራው ያነሰ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ግድም ነው፤ ፒያሳ ከ2,400 ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ልዩነት በመንገዱ ሁሉ ሲከፋፈል፣ በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ያህል ቢያወጣ ነው። ቀላል ማርሽ አስገብተው ቀስ ይበሉ፤ ላቡን ቅያሪ ሸሚዝ ይፈታዋል። «ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች እኮ ነው ብስክሌት የለመደችው» ይባላል። እውነት ነው፤ የመኪናው ግፊያም እንደ አዲስ አበባ አይደለም። እዚህ የሚከብደው የኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር የሚያልቅበት ቦታ ነው፦ ተሳፋሪ ያየ ሚኒባስ ድንገት ዳር ይዞ ይቆምብዎታል። ስለዚህ ቢረዝምም መስመሩ የማይቆራረጥበትን መንገድ ይምረጡ። ክረምት ላይ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነውና የዝናብ ልብሱን ለመልሱ ይያዙ።