አገሬ ገብቼ እንግዳ ሆንኩ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 61 ነው። አዲስ አበባ በቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ክራር ስመታ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ እናቴ አገር ኮን መጥቼ ቤት ሠራሁ። ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ሰዉ ያከብረኛል፤ ከሰላምታ ግን አያልፍም። ከኋላዬ ‹አዝማሪዋ› ሲሉኝ እሰማለሁ። ሙያዬን የሚረዳልኝ፣ ቁጭ ብዬ የማወጋው ሰው አጣሁ። አገሩ በረሃ ሆነብኝ። ልጄ ‹ተመለሺ› ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ገዳም ልግባ እላለሁ። ምን ይሻለኛል?»
ባለክራሯ፣ ከኮን

መልስ፦ እኅቴ፣ አይመለሱ፤ ገዳሙም ለጊዜው ይቆይዎት። አስቀድመው ቅሬ፣ ማለትም የወሎን ዕድር፣ ይግቡ።

ስለ ቤትዎና ስለ ሐሜቱ ጽፈውልኛል። የማንን ለቅሶ እንደደረሱ፣ የማንን አራስ እንደጠየቁ ግን አንድም ቃል አላገኘሁም። ወሎ ላይ ቤት መሥራት ብቻውን ጎረቤት አያደርግም። ጎረቤት የሚሆኑት ቅሬ ገብተው፣ ተራዎን ጠብቀው፣ ከሐዘንተኛ ጋር ሲያመሹ ነው። የጽዋ ማኅበርም ይግቡ። ጽዋው እርስዎ ቤት የገባ ጊዜ ጋን የሚያውሱዎት፣ ለጠላው ገብስ የሚያዘጋጁልዎት ሴቶች ይመጣሉ። የናፈቁት ወግ የሚገኘው እዚያ ሥራ ላይ ነው። በሰሜኑ ጦርነት የሚወዱትን ያጡ ቤቶችም በአካባቢዎ አሉ። ሄደው አብረዋቸው ይቀመጡ።

«ሙያዬን የሚረዳልኝ አጣሁ» ባሉት ግን አልስማማም። ያሉት እኮ ዋድላ ነው! የቅኔ ቤቶች ስም ሲነሣ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የሚጠራው ዋድላ። ሙሾ አውራጇ ግጥም ስትጥል የሚያለቅሰው ገበሬም ስንኙን መዝኖ ነው የሚያለቅሰው። የጠፋው የለመዱት መድረክና ጭብጨባ ነው፤ ሰሚ ጆሮ አልጠፋም። አስቀድመው እርስዎ ያድምጧቸው።

ገዳምን ደግሞ ከብቸኝነት መሸሻ አያድርጉት፤ እዚያም ሥራና መታዘዝ አለ። ቫዮሊንና ፒያኖ የተማሩት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖረዋል። ኋላ ወደ ፒያኖው ተመለሱ፤ ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢም ለወላጅ አልባ ልጆች ዋለ። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ሲያርፉ 99 ዓመታቸው ነበር። ምንኩስናና ሙዚቃ በአንድ ሕይወት ውስጥ የተስማሙላቸው ሁለቱንም ለሰው ስላዋሉት ይመስለኛል።

እርስዎም ክራርዎን አይስቀሉት። መማር የሚፈልጉ የጎረቤት ልጆች ካሉ በወላጆቻቸው ፈቃድ ቅዳሜ ከሰዓት ያስተምሯቸው። «አዝማሪዋ» ለሚሉዎት መልስ አይስጡ። ልጃቸው ክራር ቃኝታ ስታሳያቸው፣ ሙያዎን ከእኔ ምክር ይልቅ እሷ ታስረዳልዎታለች። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያስለቅስዎት ቀንም ይኖራል። ቢሆንም በዚህ ዕድሜ አዲስ አበባ ተመልሰው የልጅ ቤት እንግዳ ከመሆን፣ በእናትዎ አገር ባለተራ መሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

በመጪው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የቅሬውን ሰብሳቢ ያነጋግሩና ይመዝገቡ። የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣም ቀድመው ይገኙ።