«ለድመት እንዲህ ይለቀሳል ወይ?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከመቐለ፣ ከዓዲ ሓቂ ነው። ድመታችን ባለፈው ሳምንት ሞተችብን። ልጆቼ «ድሙ» ይሏት ነበር፤ ሌላ ስም አላወጣንላትም። ወደ ቤታችን የገባችው በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ ባንኩም ስልኩም በተዘጋበት ወቅት ነው። የነበረችንን አንድ ጆንያ እህል ከአይጥ የጠበቀችልን እሷ ናት። በቅርቡ ከሳች፣ ድዷ ነጣ፣ ለሃጯ ይዝረበረብ ጀመር። የእንስሳት ሐኪም ደሟን መርምሮ የድመት ሉኪሚያ ነው አለን። ክኒን ላስውጣት ስል ጣቴን ነከሰችኝ፤ በአራተኛው ቀን ሞተች። ቀድሜ ባሳክማት ትድን ነበር? ልጆቼንስ ይይዛቸዋል? አንዲት ግልገሏ ቀርታለች፤ ምን ላድርጋት? ጎረቤቴ «ለድመት እንዲህ ይለቀሳል ወይ?» ትለኛለች። እኔ ግን እንባዬ አልቆም አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ሳይጠይቁኝ ካለፉት ነገር ልጀምር፤ ከንክሻው። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ በስልክ የነገርኩዎትን እዚህ የምደግመው ለሌሎች አንባቢዎች ስል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በውሻ ይጠራ እንጂ ድመትንም ይይዛል፤ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። አንድ ድመት ሰው ነክሳ 10 ቀን በጤና ከቆየች፣ በነከሰችበት ሰዓት ምራቋ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። የእርስዎ ግን በአራተኛው ቀን ሞታለች። ለሃጩ ሉኪሚያው ባመጣው የድድ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ደሟ ውስጥ አንድ በሽታ ስለተገኘ ሌላው የለባትም አይባልም። ስለዚህ ቁስሉ ቢደርቅም የጀመሩትን ክትባት እንዳያቋርጡ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። እንስሳ የነከሰው ሰው ሁሉ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

አሁን ወደሚያንገበግብዎት ጥያቄ ልመለስ። ቀድመው ቢያሳክሟት ትድን ነበር? አትድንም ነበር። ይህን ለማጽናናት ብዬ አይደለም የምለው።

የድመት ሉኪሚያን የሚያመጣውን ቫይረስ ዊልያም ጃሬትና ባልደረቦቹ በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። እስካሁን ከሰውነት ጠርጎ የሚያወጣው መድኃኒት አልተገኘም። የሚተላለፈው በዋናነት በምራቅ ነው፦ ድመቶች ሲላላሱ፣ ከአንድ ሳህን ሲበሉ፣ ሲናከሱ። እናትም ለግልገሎቿ በማህፀን ወይም በወተት ታስተላልፋለች። አንዳንድ ድመት በራሷ አቅም ታሸንፈዋለች። ካላሸነፈችው ግን መቅኔዋ ውስጥ ይገባና ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል፤ ድመቷ በዚያን ጊዜ ትበላለች፣ ትጫወታለች፣ አይጥ ትይዛለች። የድዷ መንጣት መቅኔዋ ደም መሥራት እንዳቃተው ያሳያል። እርስዎ ያዩት የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው። ድሙ ምናልባት እናንተ ቤት ከመምጣቷ በፊት፣ ገና ግልገል ሳለች ይዟት ይሆናል፤ ወይም ከአጥር አጥር ስትዘል ካገኘቻት ሌላ ድመት። ቫይረሱ ጸንቶ የያዛቸው አብዛኞቹ ድመቶች ከ3 እስከ 4 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታሉ። ሕክምና ሕመሟን ያቀልላት፣ ምናልባት ጥቂት ወራት ይጨምርላት ነበር፤ ከዚያ አያልፍም። ክትባት አለ፤ የሚጠቅመው ግን ቫይረሱ ሳይገባ በፊት ነው።

ልጆችዎን አይይዛቸውም። በዚህ ቫይረስ ታመመ የተባለ ሰው የለም፤ ውሻና ዶሮንም አይነካም። ከድመት ሰውነት ውጭ ሲደርቅ በሰዓታት ውስጥ ይሞታል፤ ሳህኗንና መኝታዋን በሳሙና ማጠብ ይበቃል።

ግልገሏን ሳትመረመር ለማንም እንዳይሰጡ፤ ከሌላ ድመት ጋርም አያገናኟት። ቃላሚኖ ወደሚገኘው የመቐለ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሄደው ስለ ደም ምርመራው ይጠይቁ። የመጀመሪያው ውጤት ነጻ ቢላትም ከስድስት ሳምንት በኋላ ይደገም፤ በቅርቡ የገባ ቫይረስ በመጀመሪያው ምርመራ ላይታይ ይችላልና። ቢገኝባትም ያን ቀን መሞት አለባት ማለት አይደለም። ቤት ውስጥ ተይዛ፣ በደንብ በልታ፣ ትንሹም ሕመሟ ቶሎ እየታከመ በደስታ የምትኖርበት ጊዜ ይኖራታል።

ስለ ልቅሶዎ። ጎረቤትዎ ክፉ የተናገሩ አይመስለኝም። በዚያ ጦርነት ሰው የቀበረ ብዙ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሐዘን አጠገብ የድመት ሞት ለሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ ለማልቀስ ፋታ ያላገኘ ሰው፣ ከዓመታት በኋላ በአንዲት ድመት ሞት እንባው ይፈታል። ከእርስዎ ጋር መብራት በሌለበት ሌሊት የተቀመጠች፣ ጆንያውን የጠበቀች ፍጥረት ናት የሞተችው። ያልቅሱ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከራቁዎት፣ ወይም የመኖር ፍላጎትዎ ከቀነሰ ግን ይህ ከድመቷ በላይ ነውና ሐኪም ያነጋግሩ።

ለልጆቹ «ጠፋች» ወይም «ተኛች» አይበሏቸው፤ የጠፋ ይመለሳል ብለው በር በሩን ሲያዩ ይከርማሉ። ታማ መሞቷን በግልጽ ይንገሯቸው። የት እንደቀበሯት ማየት ከፈለጉም አብረዋቸው ይሂዱ።