ስንት ውሃ አለፈ?

አምና ክረምት ለልምምድ ስለ ወንዝ ሙላት ዜና ጻፍኩ፤ «ወንዙ በኃይል ይፈሳል» አልኩ። መምህራችን «ስንት ውሃ?» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። መልሱ ያለው ፍላክስ ኢንቲግራል ውስጥ ነው።

1 ካሬ ሜትር የሆነ፣ መስታወት የሌለው የመስኮት ፍሬም ወንዝ ውስጥ አቆምን እንበል። በሰከንድ 2 ሜትር የሚሄድ ውሃ ፊት ለፊት ከመጣበት በሰከንድ 2 ሜትር ኩብ ያልፋል። ፍሬሙን 60 ዲግሪ ብናዞረው ግን 1 ብቻ! 90 ዲግሪ ካዞርነውማ ዜሮ ነው። ውሃው አልቀነሰም፤ የዞረው ፍሬሙ ነው።

እውነተኛ ወንዝ ደግሞ መሀሉ ይፈጥናል፣ ዳሩ ይዘገያል። ስለዚህ ባለሙያዎች ከዳር እስከ ዳር ይከፋፍሉትና የየክፍሉን ወርድ፣ ጥልቀትና ፍጥነት አባዝተው ይደምራሉ። ክፍሎቹ እያነሱ በሄዱ ቁጥር ድምሩ ወደ ኢንቲግራሉ ይጠጋል። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው!

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ስለ ሙላት ስንጽፍ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን ወርዱንና ጥልቀቱንም እንጠይቅ። ወንዝ ዳር ያለ ሰው ዜናችንን አምኖ ሊያድር ይችላል።